ከሰል በኬላ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚከስልበት ቦታም ይታይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በገባ ቁጥር የከሰል ዋጋ መናሩ፣ በጋ በሆነ ቁጥር ደግሞ በየኬላው «ሕገ ወጥ ከሰል ተያዘ» የሚል ዜና መሰማቱ የተለመደ ሆኗል። ዜናዎቹ የጆንያውን ብዛትና የተሽከርካሪውን ዓይነት ይነግሩናል፤ ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ፣ እንዴት እንደከሰለ፣ አንዱን ጆንያ ለመሙላት ምን ያህል እንጨት እንደጠፋ ግን አይነግሩንም። በደን ሙያ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ይህ ክፍተት ያሳስበኛል። በእኔ አስተያየት ከከሰል ጋር ተያይዞ የሚደርሰው ብክነት ዋነኛው ክፍል የሚፈጸመው ጆንያው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት፣ እንጨቱ በአፈር ተሸፍኖ በሚከስልባቸው ቀናት ውስጥ ነው፤ ቁጥጥሩም ድጋፉም ወደዚያ ካልዞረ በኬላ የምናደርገው ግርግር ለዛፉ የሚያተርፍለት ነገር ጥቂት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሰል ምን እንደሆነ በማስረዳት ልጀምር። ደረቅ እንጨት በክብደቱ ግማሽ ያህል ካርቦን ሲሆን የቀረው አብዛኛው ኦክስጅን፣ ጥቂቱ ደግሞ ሃይድሮጅን ነው፤ እነዚህ ተዋህደው ሴሉሎስንና ሊግኒንን የመሳሰሉትን የእንጨት ክፍሎች ሠርተዋል። እንጨቱ አየር እያገኘ ሲነድ ካርቦኑም ሃይድሮጅኑም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህደው በጋዝና በእንፋሎት መልክ ይሄዳሉ፤ የሚቀረው ዛፉ ከአፈር የሳበው ማዕድን፣ ማለትም አመዱ ነው። አየር ተከልክሎ ሲግል ግን እንጨቱ በሙቀቱ ይፈራርሳል እንጂ አይነድም፤ ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ከካርቦኑ የተወሰነውን ይዘው ይወጡና የቀረው ካርቦን የእንጨቱን ቅርጽ፣ ቀለበቱንና ቀዳዳውን ሳይቀር እንደያዘ ጠቁሮ ይቆያል። ከሰል የምንለው ይህንን ነው።

ሂደቱ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ መትነን አለበት፤ ውኃው ሳያልቅ የእንጨቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ከፍ አይልም። ከዚያ እስከ 270 ዲግሪ ገደማ እንጨቱ እየጠየመ የኮምጣጤ አሲድ፣ ሜታኖል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ ሙቀት የሚበላ ነው። 270 ወይም 280 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ መፈራረሱ ራሱ ሙቀት ማመንጨት ይጀምርና ክምሩ ሌላ እሳት ሳይጨመርበት ወደ 400 ዲግሪ ይወጣል። እዚያ ላይ ቢቆም የሚገኘው ከሰል ገና ብዙ ታር፣ ማለትም ከእንጨቱ የሚወጣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር፣ ያዘለ ስለሆነ በምድጃ ላይ ይጨሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ወደ 500 ዲግሪ ሲጠጋ ግን የካርቦን መጠኑ ከ75 እስከ 85 በመቶ ይደርሳል፤ ሁለት ፍሬ ሲጋጩ እንደ ሸክላ የሚያቃጭል፣ ሲሰበር የሚያብረቀርቅ፣ ሲነድ ጭስ የማያበዛ ከሰል ይህ ነው። ከሰል የሚያውቅ ገዢ አንድ ፍሬ አንስቶ ድምፁን የሚሰማው በከንቱ አይደለም።

ይህንን ሁሉ አክሳዩ ያለ ምንም መለኪያ ይከታተለዋል። እንጨቱን በልክ ቆርጦ፣ ወፍራሙን መሃል ቀጭኑን ዳር አድርጎ፣ ክፍተቱን በጭራሮ ሞልቶ ይከምራል፤ በሣርና በቅጠል ይሸፍነዋል፤ በላዩ አፈር ይመርግበታል። አንድ በኩል እሳት ከለኮሰ በኋላ የሚመራው የጭሱ ቀለም ነው። ወፍራምና ነጭ ጭስ ውኃው እየወጣ መሆኑን፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላው እንጨቱ በመፈራረስ ላይ መሆኑን፣ ስስና ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ መክሰሉ ማለቁን ይነግረዋል። በዚያን ጊዜ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኖ እስኪበርድ መጠበቅ አለበት። እንደ ክምሩ ትልቅነት ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ክምሩ የሚሰነጠቅበትን ቦታ እየፈለገ አፈር ሲመልስ የሚያድረው ሰው ከጎረቤቶቹ የሚያገኘው ክብር ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። አንዲት ስንጥቅ ሳትታይ ካደረች አየር ይገባና የሳምንት ልፋት ወደ አመድ ይለወጣል።

የብክነቱም ምንጭ እዚሁ ላይ ነው። በተለመደው የአፈር ክምር ከሚከስለው እንጨት ክብደት ውስጥ ከሰል ሆኖ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ሥራው በችኮላ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል፤ 12 በመቶ እንኳ ብንል አንድ ኩንታል ከሰል ለማግኘት ከስምንት ኩንታል በላይ እንጨት ያስፈልጋል ማለት ነው። በኃይል መጠንም ብናሰላው ነገሩ ያው ነው። በአየር የደረቀ እንጨት በኪሎ ግራም 15 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ኃይል ሲኖረው ጥሩ ከሰል 29 ሜጋጁል ያህል አለው፤ ስለዚህ 100 ኪሎ እንጨት 1,500 ሜጋጁል ይዞ ወደ ክምሩ ይገባል፣ ወደ 12 ኪሎ ከሰል ተለውጦ ሲወጣ ግን የሚቀረው 348 ሜጋጁል፣ ማለትም ከሩብ ያነሰ ነው። የቀረው ሦስት እጅ ውኃውን ለማትነን ውሏል፣ በጭስ ሄዷል፣ በስንጥቁ በገባው አየር ነድዷል። ያው 100 ኪሎ እንጨት 25 ኪሎ ከሰል ቢሰጥ የሚተርፈው 725 ሜጋጁል፣ ግማሽ ያህል ይሆናል። ለአንድ ዓይነት የከሰል ፍጆታ የምንቆርጠው ዛፍ ከግማሽ በታች ሊወርድ የሚችልበት ቦታ ይህ ነው፤ በኬላ ላይ የሚወረስ ጆንያ ይህን ያህል ዛፍ አያድንም፤ የተወረሰው ከሰል የመጣበት ዛፍ ቀድሞ ወድቋልና።

25 በመቶ የሚለው ቁጥር ምኞት አይደለም። በሴኔጋል የተሻሻለውና በአካባቢው ስም ካዛማንስ የሚባለው ክምር ከእኛው የአፈር ክምር የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው፤ እንጨቱ ከሥሩ በተነጠፈ አግዳሚ ላይ ይደረደራል፣ አየር የሚገባው በግርጌው ዙሪያ በተተዉ ቀዳዳዎች ነው፣ ዋናው ልዩነት ግን ከባዶ በርሜሎች ተበያይዶ በአንድ ጎን የሚቆመው የጭስ መውጫ ነው። ጭሱ በላይ በኩል እንደልቡ ከመውጣት ይልቅ በክምሩ ውስጥ ወደ ታች ዞሮ በመውጫው እንዲሄድ ስለሚገደድ ትኩሱ ጋዝ ያልከሰለውን እንጨት እያደረቀና እያጋለ ያልፋል። በደንብ በደረቀ እንጨት ሲሠራበት ከ25 እስከ 30 በመቶ ይሰጣል፤ ጊዜም ያሳጥራል። የእንጨቱ መድረቅ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ እርጥብ እንጨት የሚያከስል ሰው ውኃውን ለማትነን ሲል ከክምሩ ውስጥ ራሱን እንጨቱን ያነዳልና።

እንግዲህ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አልተስፋፋም? የበርሜል ዋጋና የሥልጠና እጥረት አንድ ምክንያት ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ምክንያት የቁጥጥራችን አካሄድ ነው እላለሁ። ከሰል አክሳዩ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ነው። ዛሬ የሠራበት ቦታ ነገ አይገኝም። እንጨቱን ቆርጦ ለሁለት ወር ቢያደርቀው በሁለቱ ወር ውስጥ ይያዝበታል፤ ስለዚህ እርጥቡን ይከምራል። የቆመ የጭስ መውጫ ከሩቅ ይታያል፤ ስለዚህ አይተክልም። ክምሩ በቅጡ ሳይበርድ ይከፍታል፣ ግማሹ ያልበሰለ ሆኖ ይወጣል፣ በሌሊት በጥድፊያ ሲጫን ደግሞ ከፊሉ ደቅቆ ብናኝ ይሆናል። ሰውየው ግን ገንዘብ ይፈልጋልና የጎደለበትን ጆንያ ለመሙላት ሌላ ዛፍ ይጨምራል። ደንን ለመጠበቅ የወጣ ክልከላ፣ ሌላ ምንም ነገር ካልታከለበት፣ በእያንዳንዱ ጆንያ የሚቆረጠውን ዛፍ ያበዛዋል ማለት ነው። ይህን ስል ክልከላ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የአቢያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የግራር ደን ከእርሻ፣ ከግጦሽና ከከሰል የተነሣ እንዴት እንደተራቆተ በአዲስ አበባና ሻሸመኔ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ በመስኮት ያየው ነው፤ በተፈጥሮ የበቀለ፣ ለማደግ አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ግራር ለከሰል መቆረጥ የለበትም። ከዚያ ውጭ ያለውን ከሰል ግን ከዚህኛው ጋር በአንድ ጆንያ መክተት ስሕተት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአዊ ዞን ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው አሲዳማ በሆነውና ገብሱም ድንቹም እያነሰበት በመጣው መሬቱ ላይ ከአውስትራሊያ የመጣውን፣ ራሱ ዲከረንስ የሚለውን የግራር ዝርያ መትከል ጀመረ። አሠራሩ ብልሃት አለው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ በዛፉ መካከል የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከስላል፤ ከዚያም መሬቱ ታርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ ይቀበላል። ዛፉ የአየርን ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚመልስ በመሆኑ፣ ክምሩ የነበረበትም ቦታ አመድና የከሰል ብናኝ ስለሚቀርበት፣ ሰብሉ ከቀድሞው ይሻላል። ከወረዳው ከተማ ከአዲስ ቅዳም የሚነሣው ከሰል ባሕር ዳርንና አዲስ አበባን ሲቀልብ በወረዳው ውስጥ በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ከሰል ሁልጊዜ ደን ያጠፋል ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ቆሟል። ነቀፌታም አለኝ፤ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መንጠልጠሉ አደገኛ መሆኑን በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን የመታው በሽታ አሳይቷል፣ የማክሰያ ዘዴውም አሁንም በአብዛኛው የአፈር ክምር ነው። ግን እነዚህ ሊታረሙ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

የአፋሩ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ፣ አንዳንዶች የወያኔ ዛፍ የሚሉት፣ ግጦሹን ወርሮ አርብቶ አደሩን ከመሬቱ አስወጥቶታል። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ ሳይፈጭ ከእበቱ ጋር ይወድቃል፣ በዚያው ይበቅላል። ይህን ዛፍ ማክሰል ከሌላው ዛፍ በተቃራኒ ለመሬቱ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከመሬት በላይ ተቆርጦ ከቀረ ከጉቶው ብዙ ሆኖ ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩ ከአፈር በታች ካልተነቀለ የሚገኘው ከሰል እንጂ ነፃ መሬት አይደለም። ፈቃድ ሰጪው አካል ይህን ካልተከታተለ ፈቃዱ ለፕሮሶፒስ ተሰጥቶ አጠገቡ ያለው ግራርም አብሮ ይከስላል።

ፍላጎቱ በራሱ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ከሰል ለከተማ ሰው የተመቸው በክብደቱ ከእንጨት እጥፍ ያህል ኃይል ስላለው፣ ስለማይነቅዝ፣ ጠባብ ቤት ውስጥም ጭሱ ስለማያስቸግር ነው። ኤሌክትሪክ በገባበት ቤት እንኳ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ተጋግሮ ወጡ በከሰል ይሠራል፤ ጀበናው ከሰል ላይ ይጣዳል፣ ዕጣኑም የሚጨሰው በፍም ላይ ነው። ቀጥቃጩ ወናፉን የሚነፋው ለከሰል ነው፤ የሚጨስ እንጨት ብረት ለማቅለጥም ሆነ ለማጋል የሚበቃ ንጹሕና የተሰበሰበ ሙቀት አይሰጠውም። ከቤትና ከቀጥቃጭ ባሻገርም ከሰል ሥራ አለው። በእንፋሎት ከ800 ዲግሪ በላይ ተግሎ የሚዘጋጀው የሕክምና ከሰል በአንድ ግራሙ ውስጥ ያለው የቀዳዳዎቹ ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር ስለሚበልጥ በሆስፒታል አንዳንድ የተዋጡ መርዞችን ለመያዝ፣ በማጣሪያ ውስጥ ደግሞ የውኃን ሽታና ጣዕም ለማስወገድ ያገለግላል፤ የማድ ቤቱ ከሰል ግን ይህን ስለማይተካ ማንም ሰው ፈጭቶ እንዳይውጠው አደራ እላለሁ። በስምጥ ሸለቆ፣ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆችን ጥርስ በሚያበላሽበት አካባቢ፣ የከሰለ የከብት አጥንት በማጣሪያነት ተሞክሮ ሠርቷል፤ እዚያ ላይ ፍሎራይዱን የሚይዘው በአብዛኛው ካርቦኑ ሳይሆን በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማዕድን ነው።

ስለ ቤት ውስጥ አጠቃቀም ከተነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም፣ አሁን ወደ ቤት ይግባ» የሚለው ልማድ በየክረምቱ ሰው ይገድላል። የሚታየው ጭስ ታር ነው፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ በብዛት የሚፈጠረውም ፍሙ ደምቆ በቀላበት ሰዓት ነው። በፍሙ ሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ካርቦን መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ ወደ ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ይህም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን አያውቀውም። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ መተኛት፣ ከሰሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ፈጽሞ አይገባም። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ስመለስ፣ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ያውቃል፤ የደን ውጤት በፈቃድ እንዲጓጓዝም ይደነግጋል። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ሆኖ ብዙ መሥራት ይቻላል። ፈቃዱ ከሚጫነው ጆንያ ቁጥር ጋር ብቻ ከመያያዝ ይልቅ ከዛፉ ምንጭና ከማክሰያው ዓይነት ጋር ቢያያዝ፣ ማለትም ከተተከለ ዛፍ በጭስ መውጫ ክምር ያከሰለ ማኅበር ፈቃዱን በቶሎና በርካሽ ቢያገኝ፣ አክሳዩ ከጫካ ወጥቶ በማሳው ላይ በግልጽ ለመሥራት ምክንያት ይኖረዋል። በተያዘ ጊዜ የሚወረሰው ከሰል ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብም በከፊል ለበርሜልና ለሥልጠና ቢመለስ መልካም ነው። በተጠቃሚው በኩል ደግሞ ጂኮ ከሚባለው የኬንያ የከሰል ምድጃ ተወስዶ በአገራችን የተሻሻለው፣ ውስጡ በሸክላ የተለበደው ላቀች ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል እንደሚቆጥብ ከታወቀ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖታል፤ አሁንም በየገበያው የሚታየው ግን በአብዛኛው ቆርቆሮው ነው። በስሙ የሚሸጠውም ሁሉ ላቀች አይደለም፤ ሸክላው በቅጡ ያልተተኮሰ ምድጃ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰነጣጥቆ የገዛውን ሰው ወደ ቆርቆሮው ይመልሰዋል።

ጋዜጣችሁ ቀጥሎ ስለ ተያዘ ከሰል ሲዘግብ የሚመለከታቸውን የክልል ደን መሥሪያ ቤቶች ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅልን እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ባለፈው ዓመት በየወረዳው በተሻሻለ ማክሰያ የሠለጠኑት አክሳዮች ስንት ናቸው? ሁለተኛው፣ ለከሰል ከተሰጡት ፈቃዶች ውስጥ ምን ያህሉ ከተተከለ ዛፍ ለሚመጣ ከሰል የተሰጡ ናቸው? መልሱ ከተያዘው ጆንያ ቁጥር አጠገብ አብሮ ቢታተም አንባቢ ራሱ ሊያመዛዝን ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ የደን ባለሙያ
እንጅባራ